ዶን ኦቪዲዮና ያደረ ውሃ

በየግቢው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ በሰው ድስት ይገባል፣ ሌላው በሰው ትዳር። ለእኛ ለሳንቲያጎ ዴ ኩባው ግቢ የደረሰን ግን በሰው የዓሣ ገንዳ የሚገባ ነው። ክቡርነታቸው ዶን ኦቪዲዮ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ፣ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የዓሦች ሁሉ ጠበቃ።

ዶን ኦቪዲዮ ቤት ሲገቡ የሰው ጤና አይጠይቁም። ቀጥ ብለው ወደ መስታወቱ ገንዳ ይሄዱና አፍንጫቸውን ውሃው ላይ ይደፋሉ።

"ይሄ ዛሬ የተቀዳ ነው። ክሎሪኑ ገና አልወጣለትም" ይላሉ። "ውሃው ይደር። ስንቴ ልንገራችሁ?"

እኛ የምንጠጣውን ውሃ እንዲህ አሽትቶልን የሚያውቅ ሰው የለም።

ከኪሳቸው ሎሚ አይጠፋም። ለዓሣ ቤት ማስጌጫ የተባለ ድንጋይና ዛጎል ሁሉ በሎሚ ይፈተናል፤ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ውሃ ያበላሻል ተብሎ ይባረራል። በጫጉላችን ጊዜ ከባሕር ዳር ለቅሜ ያመጣሁት ሮዝ ዛጎል እንኳ ምሕረት አላገኘም። ባለቤቴ ፊት ጨመቁበት፤ ተንተከተከ።

"ለመስኮት ጥሩ ነው" አሉና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"ዓሣው ወዶት ነበር እኮ፣ ዶን ኦቪዲዮ።"

"ነግሮሻል?"

አኮረፍኳቸው። እሳቸው ግን ማኩረፌንም አላወቁ፤ በማግስቱ መጥተው አሸተቱ። ጎረቤቴ ዩስሊን ደግሞ በበር ቀለም የቀባችውን የጄሶ ቤተ መንግሥት ከገንዳዋ መዝዘው ሲያወጡ፣ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብላ ብትተርትባቸው፣ "ዘንዶውም ቢሆን በዚህ ቀለም ይሞታል" ብለዋት ሄዱ።

ታዲያ ባለፈው የድርቅ ወር የሚርታ ዓሣ ታመመ። ሚርታ ከደረጃው ሥር የምትኖር ጎረቤታችን ናት። ባሏ አቤላርዶ ለልብ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሲገባ ብርቱካንማ ዓሣውን "እስክመለስ አደራ" ብሏት ሄዷል። እሷም ዓሣው ከሰነበተ አቤላርዶ ይመለሳል፣ ዓሣው ከሞተ ግን የእሱም ነገር አበቃ ብላ ቁርጥ አድርጋ አምናለች። ያን ዕለት ዓሣው ክንፉን ሰብስቦ፣ ውሃው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያለከልካል።

ዶን ኦቪዲዮ ደርሰው ሲያጎነብሱ ከገንዳው ወለል ላይ የመዳብ ሳንቲሞች ተደርድረዋል። ሚርታ ስለ ባሏ ብላ ለኦቹን፣ ለወንዞች እመቤት፣ ያስገባችው ስለት ነው። መዳብ እመቤቲቱ የምትወደው ነው፤ ለዓሣ ግን መርዝ ነው።

ደጃፉ ላይ የተሰበሰበው የግቢ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ለኦቹን የሰጡትን መልሶ መውሰድ ያስፈራል፤ የዶን ኦቪዲዮ ምላስ ደግሞ ከኦቹንም ይብሳል።

"ሚርታ" አሉ፣ ከእሳቸው ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "እመቤቲቱ ወንዝ የለመደች ናት። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ስጦታዋን ትሰጫታለሽ?"

"ብትቆጣስ፣ ኦቪዲዮ? አቤላርዶ እዚያ ተኝቶ?"

"ለብቻዋ ሳህን አቅርቢላት፣ ማርም ጨምሪበት። ከተቆጣችም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቤቴን ታውቀዋለች።"

ሳንቲሞቹ ወጡ። ውሃው ግን መለወጥ ነበረበት፤ ቦቴው በዚያ ጠዋት ያመጣልን ደግሞ ክሎሪኑ ዓይን ያቃጥላል። "ነይ አግዢኝ" ብለውኝ ቤታቸው ሄድን። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆኜ ደጃፋቸውን አልፌ አላውቅም። ባልዲ በግድግዳው ሥር፣ ባልዲ ከአልጋው ሥር፣ ሁሉም ንጹሕ ጨርቅ የለበሰ፣ ሁሉም ያደረ ውሃ። ዓሣ ግን የለም። ገንዳም የለም።

"ዓሦችዎስ የት አሉ?"

ባልዲ እያነሱ በአገጫቸው ወደ ግቢው አመለከቱ። "እናንተ ጋ ናቸዋ።"

 የዛጎሉን ነገር እዚያው በሩ ላይ ይቅር አልኳቸው።

ቀኑን ሙሉ በኩባያ እየቀዱ አወጡ፣ በኩባያ እየቀዱ ጨመሩ፤ ባንዴ ከገለበጡበት ይደነግጣል ይላሉ። በማግስቱ ዓሣው ክንፉን ዘርግቶ ገንዳውን ዞረ። ሚርታ አለቀሰች። ዶን ኦቪዲዮ ውሃውን አሽትተው፣ "ደህና ነው" ብለው ወጡ።

አቤላርዶም መጣ። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ነው የገባው። አደራውን በደህና ሲዋኝ አይቶ ደስ አለውና፣ አብሮት የተኛ በሽተኛ የሰጠውን ነጭ ድንጋይ ለዓሣው ስጦታ ብሎ ከኪሱ አወጣ። ሁላችንም ወደ ዶን ኦቪዲዮ ዞርን። እሳቸውም እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ሌላውንም ኪስ ደባበሱ። ለካ ሎሚያቸውን ለአቤላርዶ ሾርባ ለሚርታ ሰጥተዋት ኖሯል።

እኔም ከቀሚሴ ኪስ የራሴን ሎሚ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሱንም መጀመሪያ አሸተቱት።