የጀማል ሞተር መቀመጫ

ምቾት ያሳበደው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ሱዳን ድንበር ገላባት ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ጀማል ነው። ወደ ባሱንዳ የሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ወገቤን ቆረጠኝ ብሎ የሞተሩ መቀመጫ ላይ ስፖንጅ አስጨመረ። አንድ ስፖንጅ ካሻለው ሦስት የበለጠ አያሽለውም? ሦስት አስደረገ። በላዩ ላይ የበግ አጎዛ ጣለበት። ጀማል መቸም ቁመት አልበዛለትም፤ እግሩ መሬት መንካት ተወ። አሁን ከሱቁ ደረጃ ላይ ሆኖ ይወጣል፤ ለመውረድ ግን ሞተሩን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል።

ትናንት ገበያ መሀል አገኘኝ። መቆም ስለማይችል በሞተሩ እየዞረኝ ሰላም ይለኝ ጀመር። የእኛ ሰላምታ ደግሞ መች ባንድ ዙር ያልቃል? በመጀመሪያው ዙር ጤናዬን፣ በሁለተኛው ልጆቼን ጠየቀኝ። በአምስተኛው ፍየሎቼ ላይ ሲደርስ ራሴን አዞረኝ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አንዱን ስፖንጅ ለምን አታወጣውም?» አልሁት።

«እንዲህ ተመችቶኝ?» አለና በስድስተኛው ዙር መጣ። «ይልቅ ያዘኝ፣ ልወርድ ነው።»

ሮጨ ያዝሁት። መቀመጫ የተመቸው ሰው መውረድ እንደሚቸግረው ድሮም አውቃለሁ፤ ሮጦ የሚያወርደው እኔ መሆኔን ግን ማን ነገረኝ?