ያልተጻፈው ልብ ወለድና የሞጣ ሚኒባስ

ልብ ወለድ እጽፋለሁ እያለ የማይጽፍ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ ከብቸና ሞጣ ስሄድ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስድስት ዓመት ያሰበውን ታሪክ ለሚኒባሱ ሁሉ ተረከልን። ጥሩ ታሪክ ነው፣ አይካድም። የታሪኩ ልጅ ባል ልትመርጥ ስትል ሞጣ ደረስን። ታዲያ ማን ይውረድ?

«በል ዳራትና እንውረድ!» አለ ሾፌሩ።

«ለማን እንደምድራት ገና አልቆረጥሁም፤ ኧረ አንድ ገጽም አልጻፍሁ፤ እንዳይበላሽብኝ እየፈራሁ» አለ ሰውየው።

ከኋላችን የተቀመጡ የቅኔ መምህር፣ «ልጄ፣ ተማሪዎቼ በየቀኑ የተበላሸ ቅኔ ይዘው ይመጣሉ። እሱን አርማለሁ፤ ያላመጡትን ምኑን ልረም?» አሉት።

ተሳፋሪው ሳቀበት። የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ፤ ቦርሳዬ ውስጥ እኔም ልጽፍበት ይዤው የምዞር ባዶ ደብተር ነበረኛ!

ይኸው፣ የተበላሸ ጽሑፌን ይዤ መጥቻለሁ፤ አርሙልኝ። እሱም ይጻፍ እንጂ! ልጅቷ ማንን እንዳገባች ሳላውቅ ልሙት እንዴ?