በሙሉ ድምፅ የደረቀው ቅጠል

ኳ! ኳ! ኳ!

መጀመሪያ የተሰማው ይህ ነው። ድምፁ ከስብሰባ አዳራሹ ተነሥቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ደረጃውን ወርዶ ባለጉዳዮች ከሚጠብቁበት ደረሰ። ባለጉዳዮቹ ማኅተም እየተመታ መስሏቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያም ተሽቀዳድመው ተሰለፉ። አይፈረድባቸውም። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ እንዲህ ያለ የሥራ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።

ማኅተም ግን አልነበረም። ጨው እየተወቀጠ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛችን እትዬ መዝገብ (ስማቸው ሌላ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመዝገብ ጋር የኖረን ሰው ስም ግን ማን ያስታውሳል?) ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ቀራቸው። እግራቸው አብጧል። ያበጠው ቆመው ስለሚሠሩ ነው፤ ቆመው የሚሠሩት የወንበራቸው አንድ እግር ጋት ያህል ተሰብሮ ስላጠረ ነው። ሌላ ወንበር እንዳይሰጣቸው ደግሞ በስማቸው ወንበር አለ። መመሪያ መመሪያ ነው።

ወንበሩ ይጠገን ብለው ያመለከቱት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ማመልከቻው አልጠፋም፤ ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ያወጡታል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ይታይ» ብለው ይፈርማሉ፣ እትዬም በክብር ወደ ቦታው ይመልሱታል። አሥራ አንድ «ይታይ» አለው። ከእርሱ የበለጠ የታየ ወንበር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ወረቀቱን ይዘው ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ገቡ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ እዚያው ነበርኩ።

«ጌታዬ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም። ይቺን አምስት ቀን ተቀምጬ ልጨርሳት።»

ኃላፊው ልባቸው ተነካ። «እትዬ፣ የእርስዎ እግር የመሥሪያ ቤቱ እግር ነው!» አሉ። ከዚያም «ይታይ» ብለው ጻፉ።

በዚህም አላበቁም። እትዬ እንደወጡ እግራቸውን የሚያሳርፍ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሐሳቡን ያመጣችው የኃላፊው ፀሐፊ ናት። «በእጅ የተሠራ ስጦታ! የመታጠቢያ ጨው! ጨው፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሽታ ያለው ዘይት ጠብ ጠብ። ገንዳ ሙሉ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ በተን አድርጎ እግርን ዘርጋ ነው! እብጠቱ ብን ይላል። ስልኬ ላይ አይቻለሁ።»

«እትዬ ቤት ገንዳ አለ እንዴ?» አለ የግዥ ሠራተኛው። ነገር ማወሳሰብ ይወዳል።

«ጨዉ ይቅደም» አሉ ኃላፊው። «ገንዳ የሁለተኛው ምዕራፍ ነው።» ተጨበጨበ።

ስጦታው ከእትዬ በምስጢር እንዲጠበቅ ተወሰነ። ይሁንና ሙቀጫ ያለው ሰው ሲፈለግ ከእትዬ በቀር አልተገኘም፤ መውቀጥ የሚችል ሲፈለግም እንደዚያው። ስለዚህ «ለትልቅ እንግዳ ነው» ተብለው ከነሙቀጫቸው ተጠሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆመው ወቀጡ። ኮሚቴው ተቀምጦ ያበረታታ ነበር።

«አይዞዎት እትዬ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው!» ይላሉ ኃላፊው።

«እሱስ ልክ ነው ጌታዬ። አርባ ዘጠኙ ሰው የት ሄደ?»

ችግር የመጣው ከቅጠሉ ነው። ቅጠል ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት ካልተሰጣ አይደርቅም። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ መሸኛው ዓርብ። ናናው በአሮጌ መዝገቦች ላይ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ ያለውን ደብዳቤ እያረጠበ ተኝቷል።

እትዬ አንዷን ቅጠል በጣታቸው ጨመቅ አደረጓት። «ይሄ ገና ውሃ ነው። ጨው ላይ እንዳትጨምሩት፤ ጨው ውሃ ከጠጣ ይጋገራል፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

ኃላፊው በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «እትዬ፣ ይሄ በስሜት የሚወሰን አይደለም።» ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «ቅጠሉ ደርቋል የምትሉ?»

የራሳቸው፣ የፀሐፊዋና የግዥ ሠራተኛው እጅ ተነሣ። የእኔ ቀኝ እጅ እየጻፈ ስለነበር ግራውን አነሣሁ።

«ተቃውሞ?»

ናናው ብቻ አንዲት ጠብታ ጠብ አደረገ። የኮሚቴው አባል ስላልሆነ አልተቆጠረለትም።

«ቅጠሉ ከዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሙሉ ድምፅ ደርቋል» ብዬ አሰፈርኩ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ጨዉና ቅጠሉ ተደባልቀው አንዲት ጋት የምታህል የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ተጠቀጠቁ፤ ሪባን ታሰረባት።

ዓርብ መሸኛው እትዬን ለማክበር ሲባል በዚያው በመዝገብ ቤት ተደረገ። ለሁሉም ወንበር መጣ። እትዬ የዕለቱ ባለቤት ስለሆኑ በደንብ እንዲታዩ ቆሙ።

«አበው ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ብለዋል!» ብለው ኃላፊው ጀመሩ። የምሳሌውን ቀሪ ግማሽ ጊዜ ለመቆጠብ ተዉት። «ይህ ጨው በገዛ እጃችን የተሠራ ነው!»

ኮሚቴው እጁን ከፍ አድርጎ አሳየ። የእትዬ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ በፋሻ ስለተጠቀለለ አልታየም።

እትዬ ብልቃጧን አገላብጠው አዩ። «ለትልቅ እንግዳ ነው ያላችሁኝ አይደል?»

«እንግዳዋማ እርስዎ ነዎት!» አለች ፀሐፊዋ በደስታ።

«በሠላሳ አንድ ዓመቴ?»

ክዳኑን ከፍተው ደፉት። ምንም አልወረደም። ፀሐፊዋ በማንኪያ ወጋችው፤ ማንኪያው ተጣመመ። የግዥ ሠራተኛው ብልቃጧን ጠረጴዛ ላይ መታት፤ ጠረጴዛው ተጎደጎደ እንጂ ጨዉ አልተነቃነቀም። በሙሉ ድምፅ የደረቀችው ናና በብርጭቆው ውስጥ አረንጓዴ እንደሆነች ትታየን ነበር።

«ጥንካሬው የጥራቱ ምስክር ነው» አሉ ኃላፊው።

እትዬ ብልቃጧን ከድነው፣ ጥግ ላይ የተደገፈውን ወንበራቸውን ስበው አመጡ። ጎንበስ ብለው ከአጭሩ እግር ሥር አኖሯት። ልክክ አለች። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግራቸውን ዘርግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።



«ይኸው!» አሉ ኃላፊው እየተነሡ። «ኮሚቴው እግራቸውን አላሳረፈም?»

ተጨበጨበ። እኔም «ዓላማው በተያዘለት ጊዜ ግቡን መትቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ጭብጨባው ሲበርድ እትዬ ተነሡ። ከመደርደሪያው ያንን ማመልከቻ አወጡ፤ ብዕሬን ከእጄ ወስደው ከአሥራ ሁለቱ «ይታይ» ሥር አንድ ቃል ጻፉ፦ «ታየ»። ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ሙቀጫቸውን በአንድ እጅ አቀፉ፣ ዘነዘናውን እንደ ምርኩዝ ያዙ፣ ወጡ።

«እትዬ! ወዴት ነው? ገና ፎቶ አለ እኮ!» አሉ ኃላፊው።

የመለሰላቸው ዘነዘናው ነው። ደረጃውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ወረደ። ታች ያሉት ባለጉዳዮች እንደገና ተሰለፉ።