ስለ ራስሽ ንገሪን

ስለ ራሱ አብዝቶ የሚያወራ ሰው አትወዱም አይደል? እኔም አልወድም። ችግሩ እንጀራዬ እሱ መሆኑ ነበር። ሰዎች ስለ ራሳቸው አብዝተው እንዲያወሩ አሠለጥን ነበር። ውሎ አበልም ነበረው።

«የሥራ ፍለጋ ክህሎት» ይባላል። ባነር ላይ ሲጻፍ ያምራል። ቁም ነገሩ ግን አጭር ነው። ቀጣሪ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲልሽ አትሽኮርመሚ። ቀና በይ። ዓይን ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ። አለቀ። በዚች ምክር ስንት ዓመት የቤት ኪራይ ከፍያለሁ መሰላችሁ!

ሐይቅ ከተማ የሄድኩት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወሎ ውስጥ ሁለት ነገር ሞልቶ ነበር፤ የፈረሰ ቤትና ሥልጠና። የእኛው ሥልጠና ለውጥ መጣ ሲባል ተጀምሮ፣ ጦርነት መጣ ሲባል ተቋርጦ፣ ሰላም ሆነ ሲባል እንደገና ሪባን የተቆረጠለት ነበር። ሠልጣኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ልብስ አጣቢ፣ ተሸካሚ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ ከዓረብ አገር ተመላሽ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላ ሰው ሙያ ይዞ የወር ደመወዝተኛ እንዲሆን። ምግብ ዝግጅት የሚማረው ይማራል፤ የጀልባ ሞተር ጥገና የሚማረው ይማራል። እኔ የምመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማዕድ ከተነሣ በኋላ እንደሚመጣ የእጅ ውሃ።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ አደረግን። እኔ ቀጣሪ ሆንኩ። ከፊቴ ሞተር ጥገና የተማረ፣ ዕድሜውን ዓሣ ሲያሰግር የኖረ አንድ ጎልማሳ ተቀመጠ። ድምፄን ወፈር አድርጌ «እሺ፣ ስለ ራስህ ንገረን» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሣ። መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለና «ምን አጠፋሁ ጌታው?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነቱን እኮ ነው! በጦርነቱ ጊዜ «ማነህ? ከየት ነህ? ምን ትሠራለህ?» የሚባለው የት ነበር? ኬላ ላይ። ኬላ ላይ ደግሞ ብዙ ያወራ ብዙ ይቆያል። ሕዝቡ ስለ ራሱ ዝም ማለትን ከእኔ ከሚበልጥ አሠልጣኝ ተምሮ ነው የጠበቀኝ። ጥንትም ቢሆን «ሙያ በልብ ነው» የሚል አገር ነው። እኔ በአንድ ሳምንት ምን ላመጣ?

*

ጦይባን ላስተዋውቃችሁ። አርባ ሊሞላት ነው። ጅዳ የሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ከተመለሰች ወዲህ ሐይቅ ከተማ እየዞረች የሰው ልብስ ታጥባለች። ፀሐይ የወጣ ቀን ይበላል፤ ዝናብ የዋለ ቀን እንጃ። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። በምግብ ዝግጅቱ ሥልጠና እጇን የሚስተካከል አልተገኘም። እሷ የምትሠራ ቀን የሞተር አሠልጣኙ ሳይቀር «ለግምገማ» ብሎ ሰሃን ይዞ ይሰለፋል። ከግምገማው በኋላ ሁላችንም ውሃ እንጠጣለን። ብዙ ውሃ። ሙቀቱ ነው እንላለን።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠጋ አለችኝ። ደላላ አነጋግሯታል። በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ጉዞ አለ፤ ከዚያ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ። ስለዚያ ጀልባ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ያልደረሱትን በስም እየጠራ የሚነግርህ ሰው በየቤቱ አለ።

«ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ መምህር። ካላገኘሁ ልጆቹን ለእህቴ ሰጥቼ እሄዳለሁ። የፈለገው ይሁን» አለችኝ። የሽንኩርት ዋጋ የምትነግረኝ ነው የሚመስለው።

ሥራ ደግሞ አለ! ሐይቁ ዳር ያለው ሎጅ ወጥ ሠሪ ይፈልጋል። ባለቤቱ አቶ ይመር ሎጃቸው ተዘርፎ አልጋው፣ ምድጃው፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ሄዶባቸዋል። «የቀረልኝ ሐይቁ ነው» ይላሉ። «እሱንም መያዣ አጥተው ነው።» አሁን እንደ ምንም ብለው ተበድረው ከፍተዋል። ሠልጣኞቼን ለፈተና እንድልክ ጠየቁኝ።

እንግዲህ ጦይባን ማዘጋጀት ነው።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» አልኳት።

ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። «ምን አውቄ።»

«ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?»

«እሱን ሰው ይበለው።»

«ዓሣ መጥበስ ትችያለሽ?»

«ኧረ ምን እችላለሁ፣ እንዲያው እሞካክራለሁ እንጂ።»

ይህን ስትለኝ የሞካከረችውን ጠራርጌ አጥንቱን እየመጠጥኩ ነው። ተናደድኩ። ወጥ ሠሪ የሚፈልግ ሰው የምትሞካክር ሴት ይቀጥራል ወይ ብዬ ጮህኩባት። እሷም ጮኸች። ሰው እንዴት በገዛ አፉ ራሱን ያመሰግናል፣ ነውር አይደለም ወይ፣ እናቷ ብትሰማ ምን ትላለች አለችኝ። በመጨረሻ የሥልጠና መጽሐፌ ላይ ያለውን ዘዴ አመጣሁ። «እንግዲያው አንቺ አይደለሽም የምትናገሪው። ሌላ ሰው፣ የተከበረ ሰው፣ ስለ አንቺ ሲናገር አስቢ።»

አሰበች። ቀስ በቀስ ፊቷ በራ። «እንዲህማ ከሆነ አገኘሁት! አብሽር መምህር!» አለችኝ።

በዚያን ቀን ሪፖርቴ ላይ «በራስ የመተማመን ስሜት ዳብሯል» ብዬ ጻፍኩ።

*

የፈተናው ቀን አቶ ይመር «ጥያቄውን አንተ ታውቅበታለህ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። ሐይቁ እንደተለመደው ምንም ያላየ መስሎ ተኝቷል።

መጀመሪያ የገባው ከደሴ የመጣ ወጣት ነው። ስለ ራሱ ተናገረ። ከዚያም ተናገረ። ከእኔ እጅ የወጣ ነው የሚመስለው። ሲወጣ አቶ ይመር በሩን እያዩ «ይህ ልጅ ራሱን አግብቷል። ለእኔ የሚሆን ቦታ የለውም» አሉ።

«ጦይባ!» ብዬ ጠራሁ።

የገቡት ሁለት ነጭ ጥምጥሞች ናቸው። አንዱ የሼህ፣ አንዱ የቄስ። ሼህ ሙሄ በጦይባ ሰፈር ልጅ አዋቂው የሚያከብራቸው ናቸው። ቄስ ተገኘ ከአምባሰል ወርደው ጎረቤቷ ከሆኑ ዘመናቸው ነው። ሁለቱ አብረው መምጣታቸው አይግረማችሁ፤ ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ተለያይተው ቢመጡ ነው የሚገርመው። ጦይባ ውጭ አጥሩ ጋ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ቆማለች።

አቶ ይመር ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ኖር! ኖር! ተቀመጡ አባቶቼ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሼህ ሙሄ፤ ከዘራቸውን ተክለው።

አሁን ነገሩ ገባኝ። ለአቶ ይመር ግን ሌላ ነው የገባቸው። ሦስት ያልተዳሩ ሴት ልጆች አሏቸው። ላብ አጠመቃቸው። ዞር ብለው አዩኝ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የትኛዋን ነው?» አሉ።

«ወጥ ቤቷን» አሉ ሼህ ሙሄ።

እኔ ሳቄን በሳል አሳለፍኩት። አቶ ይመር ግን አልሳቁም። የመጣው ሽማግሌ ነዋ! ሽማግሌ ደግሞ ለምንም ይምጣ ለምን፣ ወሎዬ ቆሞ ይሰማል።

ሼህ ሙሄ ከአያቷ ነው የጀመሩት። አያቷ ሰው የሚያጠግብ ነበር። አባቷ የሰው ከብት ሰብል ገብቶበት አንድ ቀን እንኳ አልጮኸም። እናቷ ለሰደቃ ስትሠራ ድስቱ አይጎድልም ነበር። ጅዳ የሠራችበት ቤት እመቤቲቱ ስትሸኛት አልቅሳለች። «ጦይባ ራሷ ይህን አትነግራችሁም፤ የጨዋ ልጅ ናት» አሉ።

ቄስ ተገኘ ተራቸውን ያዙ። «እኔ የሥጋ ወጧን አልቀመስኩም፤ ሥጋችን ለየቅል ነው። ስለማላውቀው አልመሰክርም። ዓሣዋን ግን በልቻለሁ። ዓሣ እንደሆነ እስላም ክርስቲያን የለውም። ከበላሁ በኋላ ሚስቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» አሉ።

እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ አይቼ አላውቅም። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ይባል የለም? ግን አሠልጣኝ ነኝ። ወረቀቴ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቷል። «ድክመቷስ ምንድን ነው?» አልኩ።

ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ ለሠልጣኞቼ ነግሬያለሁ። «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» ይባላል። ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹን ግን ማን አሠልጥኗቸው? ተያዩ። ቄስ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሼህ ሙሄ መሬት መሬት አዩ።

«እንግዲህ ከተጠየቅን መዋሸት የለም» አሉ ሼሁ። «ጨው ታበዛለች።»

«ትንሽ ነው» አሉ ቄሱ ፈጥነው።

«ትንሽ አይደለም ቄስ ተገኘ። እውነቱን እንናገር።»

ከመስኮቱ ውጭ የጦይባ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። ወጥ ሠሪ ናት እኮ! ሾፌርን «ጎበዝ ነው፤ ብቻ መሪ ይስታል» እንደማለት ነው። ባቲ፣ ባሕሩ፣ ያ ጀልባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። አፌን በቆረጠው አልኩ።

አቶ ይመር አገጫቸውን እያሻሹ ቆዩ። ነጋዴ ናቸው። «ጨው» አሉ ለራሳቸው። «ጨው የበላ ሰው... ውሃ ያዛል። ለስላሳ ያዛል።» ወደ እኔ ዞሩ። «በወጥ ምን ይተረፋል? ትርፉ መጠጡ ላይ አይደለም እንዴ?» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ። «ሰጥቻለሁ!»

«አሚን!» አሉ ሁለቱ፤ ተቀመጡም።

ደመወዝ ራሳቸው ሼህ ሙሄ አነሡ። ጦይባ ብትሆን «የፈቀዱትን» ብላ ትጨርሰው ነበር። ለሰው የሚጠይቅ ግን አያፍርም። ማስታወቂያው ላይ ካለው በላይ ጠየቁ። አቶ ይመር ስለ ዝርፊያው አለቀሱ። ቄሱ ስለ ልጆቿ ትምህርት ብሰው አለቀሱ። ከማስታወቂያው በላይ ተስማሙ። እኔ «የደመወዝ ድርድር» የሚል የራሴ ትምህርት አለኝ። ዝም ብዬ ማስታወሻ ያዝኩ።

ደላላው ሲደውልላት ጦይባ ምን አለችው መሰላችሁ? «ሽማግሌ ገብቶ ተይዣለሁ።»

*

አዲስ አበባ ያለው ቢሮአችን የስኬት ታሪክ ላክ አለኝ። ጦይባን ሽርጧን አድርጋ ምድጃዋ አጠገብ ፎቶ አነሣኋት። ብቻዬን አልነሣም ስላለች ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኟ ቆሙ። ቢሮው እነዚህ ጥምጥም ያደረጉት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። «ባለድርሻ አካላት» ብዬ ጻፍኩ። ተወደደ።

ከተወደደ በኋላ ፕሮጀክቱ አለቀ። የእኔም ውል አብሮ አለቀ። አመስግነው አሰናበቱኝ።

ይህን ጦይባ ሰማች። ደነገጠች። አቶ ይመር ለሎጁ ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋሉ፣ ሽማግሌ እልክልሃለሁ አለችኝ። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ሳቅሁ። ከዚያ የቤት ኪራዬን አሰብኩና መሳቄን ተውኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ሼህ ሙሄ ስለ አንተ ምን እንበል አሉኝ። የሥራ ልምዴን ሰጠኋቸው። ቄስ ተገኘ አነበቡላቸው፤ ረጅም ነው። ሼሁ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና «ይህን ሁሉ ማን አለው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «ሌላስ ሰው አልነበረም?» አሉኝ።

ብቻ ሄዱልኝ። እኔ አጥሩ ጋ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ ቆምኩ። በመስኮቱ ይሰማል።

«ሙያው ምንድን ነው?» ይላሉ አቶ ይመር።

«ሰው ሥራ እንዲገባ ያሠለጥናል።»

«እሱ ራሱስ?»

«እሱማ እየፈለገ ነው» አሉ ሼህ ሙሄ። ሰውየው አይዋሹ ነገር!

ተመለሱ። የሴት ልጅ አባት መስጠት ሳይፈልግ ሲቀር እምቢ አይልም፤ ሽማግሌ አያሳፍርም። «ልጅቷ ገና ልጅ ናት፤ ትንሽ ትደግ» ይላል። አቶ ይመርም እንዲያው ነው ያሉት። ቦታዋ ገና ልጅ ናት፤ ትንሽ ትደግ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ጠበቅኩ። ባለፈው ሰሞን ወደ ጦይባ ደወልኩ። «አደገች ወይ?» አልኳት።

የታፈነች ሳቅ ሰማሁ። ሻርፗ አፏ ላይ እንደሆነ ገባኝ። «መምህር፣ እኔ ምን ብዬ... ቆይ፣ እዚሁ ናቸው፣ እሳቸው ይንገሩህ» አለችና ስልኩን ለቄስ ተገኘ ሰጠች።

«ተሰጠች» አሉኝ ቄሱ። «ትናንት ከሼሁ ጋር መጥተን ጠየቅን። ለጦይባ ሰጧት። ከዛሬ ጀምሮ ሎጁን የምታስተዳድር እሷ ናት።»

«እንዴ፣ አባ! ገና ልጅ ናት ተብሎ አልነበረም?»

«አይ አንተ!» አሉ ቄስ ተገኘ፤ ከበስተኋላቸው የሰሃን ድምፅ ይሰማል። «የሰው ልጅ ቶሎ ነው የሚያድግ።»