ግዕዝ የማያውቁት አራሚ

ሚኒሶታ ውስጥ አመስጋኝ ሞልቷል። ወጥ ብታሳርሩ፣ ዘፈን ብታበላሹ፣ "ግሩም ነው" የሚላችሁ አታጡም። የሚታጣው "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" ባይ ነው። እኛ ግን አንድ ነበሩን፤ እሳቸውም ግዕዝ አያውቁም።

አማቴ መሪጌታ ይትባረክ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የተማሩትን የግዕዝ ሰዋስው በቃላቸው እንደያዙ ሮዝቪል እኛ ዘንድ መጡ፤ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ጭንቀታቸው አንድ ነበር፤ ሰሚ ከሌለ ይጠፋብኛል። ልጆቼ "ሃይ" ብለዋቸው ያልፋሉ፣ እኔና ባለቤቴ ሥራ ነን። ታዲያ አንድ ጠዋት ምድር ቤት ላውንድሪ ክፍል ሲወርዱ፣ ህንዳዊውን ጎረቤታችንን ሚስተር ራኦን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያነበንቡ አገኟቸው።

የሚያነበንቡት የጥንቱን የህንድ ቋንቋ፣ የሳንስክሪትን ሰዋስው ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረ አንድ ሊቅ ያን ሰፊ ቋንቋ በአጫጭር ደንቦች ጠቅልሎ፣ ለአፍ እንዲመች አድርጎ አስቀምጦታል፤ የዛሬ የቋንቋ ምሁራን ሳይቀሩ ይደነቁበታል። ቁጥብነቱ ለጉድ ነው። ፊት የተናገረውን ቃል ኋላ አይደግመውም፤ ስለዚህ አንዷን ደንብ የዘለለ ሰው የሚከተሉት ትርጉም ያጡበታል። ይህን ሚስተር ራኦ በእንግሊዝኛ ሲያስረዱኝ ለአማቴ ተረጎምኩላቸው።

"ይኼ ሰውዬ የኛ ሰው ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ተራ ገቡ፤ አንዱ ሲል ሌላው ያዳምጣል። በረዶው ሳይቀልጥ፣ አማቴ ግስ ሲያወርዱ አንዱን ዘለሉ። ሚስተር ራኦ እጃቸውን አነሱ። ትርጉሙን አያውቁትም፣ ጆሯቸው ግን ከመልመዱ የተነሳ ጉድለቱን ያዘው። አማቴ መለስ ብለው ቢያስቡት እውነትም ጎድሏል። ያን ቀን እንደ ተማሪ ሲስቁ ዋሉ።

ምን ዋጋ አለው፣ የሚስተር ራኦ ልጅ ሥራ ቀየረና አባቱን ይዞ ቴክሳስ ገባ። አማቴም ማነብነቡን ተዉ። ባለቤቴ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ብላ ቴፕ ገዛችላቸው።

"አባባ፣ እዚህ ላይ ሪከርድ ያድርጉት፣ ለልጆቹ ይቀራል።"

አነበነቡ። ካሴቱ ሲሞላ አጨበጨብን።

"አንድ ቦታ ዘልያለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሆነ ብዬ ነው፤ የሚይዘኝ ካለ ብዬ።"

የት እንደሆነ ብንለምናቸውም አልነገሩንም፤ በዓመቱ አረፉ። ካሴቱን ልጆቼ ከነጉድለቱ ወርሰውታል። ሲቆጨኝ ይኖራል፤ ጉድለቱን ሊይዙ የሚችሉት ሰው ቴክሳስ ናቸው፣ ሲሄዱ ደግሞ ስልካቸውን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።