በሰኔ መጨረሻ የሚያመኝ ኩላሊት

እኛ ሰዎች ለመሞት እንጂ ለመወለድ ተዘጋጅተን አናውቅም! አትቆጡ… እስኪ የሰፈራችሁን የእድር ዕቃ ቤት ከፍታችሁ እዩ። ድንኳኑ ተጣጥፎ፣ ወንበሩ ተደራርቦ፣ ብረት ድስቱ ተደፍቶ የሚጠብቀው ማንን ነው? ሟችን! ጠዋት ለሞተ ሰው ከሰዓት በፊት ድንኳን ይተከላል። "ልወለድ ነው" ብሎ ለሚመጣ ግን ወንበር የሚስብለት የለም።

ይህን ያወቅሁት ባለቤቴ ሰብለ ሁለተኛ ልጃችንን ስታረግዝ ነው። የመጀመሪያው በኦፕራሲዮን ነው የተወለደው። የመንግሥት ሆስፒታል በነጻ ያዋልዳል ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ። ሰብለ ግን የምታምነው ያንኑ ያኔ ያዋለዳትን ሐኪም ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ግል ሆስፒታል ሄዷል። ሌላ እጅ ሆዴን አይነካም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። የሰው ወረቀት አባዛለሁ እንጂ ብር አላባዛ! ስለዚህ ወሊድን የሚሸፍን፣ አቅሜንም የማይፈታተን የጤና መድን ፍለጋ ልወጣ ተነሳሁ።

በር ላይ ስደርስ ሰብለ እጄን ያዘችኝ።

"ታዴ፣ እስኪታይ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። የሰው ዐይን ክፉ ነው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ… እርግዝናን ሳይናገሩ የእርግዝና መድን እንዴት ይገዛል?

የመድን ድርጅቱ ልጅ ትሑት ናት። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን ስትጠይቀኝ፣ ኧረ በጭራሽ፣ ለጠቅላላ እውቀት ነው አልኳት። ላቤ ግን ከድሬዳዋ ሙቀት በላይ እየወረደ ነበር። ደስ አላት። የወሊድ ሽፋኑ የሚጀምረው ውል ከታሰረ ከአሥር ወር በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለዎት አለችኝ። አሥር ወር! ወገኖቼ፣ ልጁ ራሱ የሚታገሠው ዘጠኝ ወር ነው እኮ! ደግሞም ለግለሰብ አይሸጡም፤ ለድርጅት ሠራተኞች በጅምላ ነው። ስንት ሠራተኛ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እኔና ማሽኑ አልኳት። ማሽኑም ቢሆን በዚያ ሰሞን ታሞ ነበር።

ቀጥዬ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ፤ እዚያ በዓመት አንዴ እየከፈሉ የሚታከሙበት የጤና መድን አለ። ያንን ሐኪም ባያመጣልኝም ቢያንስ ለሌላው ወጪ ይደርስልኛል ብዬ ነው። ወረፋ ይዤ ከመስኮቱ ስደርስ የዘንድሮው ምዝገባ ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል ተባልኩ። ለመንኩ፣ ተለማመጥኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ምን እንደዚህ እንዳስቸኮለኝ ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ… ዘወር ስል ከኋላዬ የቆሙት ማን ናቸው? የእድራችን ሊቀ መንበር፣ የባቡር ጡረተኛው ጋሽ ደምሴ! የሰብለ ማስጠንቀቂያ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

"ኩላሊቴን ያመኛል" አልኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይቺ ናት። ምዝገባው አልተከፈተ፣ እኔ ግን በሽተኛ ሆኜ ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ጎረቤታችን ሆዳን፣ መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትነግደው ሶማሌ፣ አንድ ጆግ የግመል ወተት ይዛ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ለጤና ነው ብላ አስረክባኝ ሄደች። ሰብለ እጇን ስትዘረጋ እኔ ቀድሜ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። የግመል ወተት ላልለመደ ሆድ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኩላሊቴ ደህና ነበር፤ ሆዴ ግን እስከ ማግስቱ ከሽንት ቤት አላስወጣኝም። ሆዳን በየሳምንቱ አመጣች፤ እኔም ሰው እንዳይጠረጥር ብዬ በየሳምንቱ ጠጣሁ።

አንድ እሁድ ጋሽ ደምሴ ደብተር ይዘው መጡ። በእድራችን ደንብ፣ ታሞ ሆስፒታል ለሚገባ አባል እርዳታ አለ፤ ሁለት ሰው አልጋ ላይ አይቶ ከመሰከረ በቂ ነው። ኩላሊቴን የምታከመው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ መልስ ስፈልግ ሰብለ ከጓዳ ሆና መለሰችልኝ።

"በሰኔ መጨረሻ።"

ጋሽ ደምሴ ቅንድባቸውን እንኳ ሳያነሱ ጻፉ። ሕመሙን የሚያውቅ፣ ከወራት በፊት ቀን የሚቆርጥ ኩላሊት የት አገር እንዳለ አልጠየቁም። እኔ ሞኙ ደግሞ በብልሃታችን ኮራሁ! ሰብለ ያን ሰሞን ሆዳን በሸጠችላት ሰፊ ቀሚስ ውስጥ ነበረች። ቀሚሱ መንታ ይደብቃል፤ ማን ሊያውቅብን እያልኩ እተኛ ነበር።

ሰኔ ተገባደደ። ምስክሮቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። በዚያ ሙቀት፣ ድሬዳዋ ላይ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ስቤ ተኛሁ። ጋሽ ደምሴና ሆዳን አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው እግዜር ይማርህ፣ አላህ ያሽርህ አሉኝ። አቃሰትኩ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው አቃሰተ። ሰብለ ነበረች፤ የሻይ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛለች።

ከአልጋዬ ዘልዬ መሬት ስወርድ በሽተኛ አልመሰልኩም። ጋሽ ደምሴ ግን ሰዓታቸውን አዩ።

"ሦስት ቀን ቀደመ። ያዘጋጀሁት ባጃጅ ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ነው፣ ተነሱ" አሉ።

"ጋሽ ደምሴ… ያውቁ ነበር?"

"ቀፊራ ገበያ መሀል ቆማ ጥሬ ማንጎ በሚጥሚጣ ስትበላ ሰፈሩ ሁሉ አይቷት የለም?"

ሆዳን ሰብለን ደግፋ እየወጣች ዘወር አለችብኝ።

"ወሪያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወተቱንም ለሷ ነበር የማመጣው። አንተ ጨረስከው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ባጃጁ ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ቀብር እንጂ ልጅ አልታያቸውም፤ ወሊድ የሚል ቃል የለበትም። ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ጉባኤው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው።

"ሕመም ግን ደንቡ ውስጥ አለ። ቀበሌ ኩላሊቴን ስትል፣ ይሄ ልጅ መላ አገኘ አልኩ" አሉ።

ሆስፒታል ስንደርስ ያ ሐኪም ሰብለን አይቶ ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባት። በሩ ሲዘጋ ፈራሁ። ይህን ሳልቀልድ ነው የምነግራችሁ። አሥር ወር ጠብቅ ያሉኝን፣ ዘጋን ያሉኝን ሁሉ ረሳኋቸው። ሰብለን ብቻ አውጣልኝ እያልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ጋሽ ደምሴ ከጎኔ ቆሙ። ሆዳን መስገጃዋን አንጥፋ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ሰገደች። በኋላ ነርሷ ወጥታ ሴት ልጅ ናት፣ እናትየውም ደህና ናት ስትለኝ አለቀስኩ። ምን አሳፈረኝ? የታመምኩ ሰው አይደለሁም እንዴ!

በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አስተካክለው እንዲህ አነበቡ፦ "የአባላችን የአቶ ታደሰ ኩላሊት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም መዝና፣ እናቷን መስላ በሰላም ወጥታለች። የሚቃወም?"

የተቃወመ የለም። አንዲት እጅ ብቻ ከኋላ ወጣች፤ የሆዳን ነበረች።

"ተቃውሞ የለኝም፣ ጥያቄ ነው" አለች። "ሰው ያለው ሁለት ኩላሊት ነው። ሌላኛው መቼ ነው የሚያመው? ወተቱን ያኔ ለሰብለ ራሷ በእጇ ልስጣት።"