እህቴን በስልክ ጤነኛ ያደረግኩበት ጠዋት

ሰዎች፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም፤ ግማሻችሁ ደግሞ "እሰይ፣ ይበለው!" ትላላችሁ።

ከስልክ ተባረርኩ!

ከሥራ አይደለም፣ ከቤትም አይደለም። በገዛ እህቴ "አንተ ዝጋው" ተብዬ ከስልክ ላይ ተባረርኩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት መባረር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ደክሞኛል፣ ፊደል ብስት ታገሡኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሞተሩን ለማስነሳት እንኳን ጉልበት አጣሁ።

ለማታውቁኝ፣ ዳኒ እባላለሁ፣ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ነው የምኖረው። ሥራዬ ኬርጊቨር ነው። አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ ቤት በየጠዋቱ እሄዳለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርሳቸውን አቀርብላቸዋለሁ።

ሌላው ሥራዬ ደመወዝ የለውም። ለኮለምበስ ሀበሻ በሙሉ ስለ ዲሳቢሊቲ፣ መንግሥት ለታመመና ለተጎዳ ሰው ስለሚከፍለው ድጋፍ፣ ማስረዳት ነው።

እንዴት እንደጀመርኩት አትጠይቁኝ። ጋሼ ተፈራ የሚባሉ የአገራችን ሰው ወገባቸውን ተጎድተው ሥራ ሲያቆሙ ጉዳያቸውን ያስጨረስኩላቸው እኔ ነኝ። ተሳካላቸው። በቃ! ከዚያ በኋላ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ምሳ ልበላ በገባሁ ቁጥር አንድ ሰው ወንበር እየጎተተ ይመጣል።

"ዳኒዬ፣ የኤስኤስአይ እና የኤስኤስዲአይ ልዩነት ምንድን ነው?"

ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። "ኤስኤስዲአይ ሠርተህ ታክስ የከፈልክበት ነው። ኤስኤስአይ ገቢውም ንብረቱም ትንሽ ለሆነ ሰው ነው። በበሽታ የምትጠይቅ ከሆነ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ሥራ መሥራት አለመቻልህን ማሳየት አለብህ።" ይህን ስናገር ድምፄ ራሱ ይወፍራል። የማወራ ሳይሆን የምፈርድ ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ እህቴ።

ጽጌ ትባላለች። እኔ እታለም ነው የምላት፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው የምትኖረው። ትምህርት ቤት ኪችን ውስጥ ፓርት ታይም ትሠራለች። አርትራይተስ አለባት፣ ያ መገጣጠሚያን እያሳበጠ የሚያሠቃየው። እኔ የማውቀው "እጄን ትንሽ ያመኛል" የምትለውን ብቻ ነበር።

ሩት የምትባል ልጅ አለቻት። ጎበዝ ናት፣ ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። አልሄድም አለች! "ማም ብቻዋን አትችልም፣ ጠዋት የሚመጣላት ሰው ከሌለ የትም አልሄድም" ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ልጅቷ ከእናቷ ጉያ መውጣት ፈርታ መስሎኝ ነበር።

ለዚያ ጠዋት ለሚመጣ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ የሚገኘው እታለም የመንግሥት ድጋፍ ካገኘች ነው። ድጋፉ ካልመጣ ሩት ትቀራለች። ጉዳዩ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

እታለም መጀመሪያ የጠየቀችው ማንን መሰላችሁ? እኔን! "አንተ ይሄን ነገር ታውቀዋለህ" አለችኝ።

"እየሠራሽ ነው ዲሳቢሊቲ የምትጠይቂው? አይታሰብም!" አልኳት። "ወይ ሥራሽን ልቀቂ፣ ወይ ተዪው።" ድምፄ እንደተለመደው ወፍሯል።

ስለ እንግሊዝ ምን አውቄ? እንግሊዝኛ እስከተናገሩ ድረስ ሕጉም አንድ የሚሆን መስሎኝ ነበር እኮ! እታለምም አምናኝ ዊንተሩን ሙሉ ዝም ብላ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ሩት ራሷ የእንግሊዝን ሕግ አንብባ ደወለችልኝ። "አንክል፣ ዛት ኢዝ ኖት ሃው ኢት ወርክስ ሂር።" እዚህ አገር አሠራሩ እንደዚያ አይደለም ማለቷ ነው።

ላስረዳችሁ፣ እኔ የሆንኩትን እንዳትሆኑ።

እዚያ አገር ታመህ ከሥራ ስትቀር አሠሪህ ለተወሰነ ጊዜ ሲክ ፔይ ይከፍልሃል። እሱ ሲያልቅ፣ ሠርተህ መዋጮህን የከፈልክ ከሆንክ ኢኤስኤ የሚባል አለ። የእኛን ኤስኤስዲአይ ትንሽ ይመስላል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ደግሞ ገቢህንም ያጠራቀምከውንም ያያል፤ ሕመምህ ሥራ የሚከለክል ከሆነ ጨመር ሊያደርጉልህ ይችላሉ። እዚህ ድረስ እኔም ስልኩን ይዤ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

ከዚያ ፒፕ መጣ።

ፒፕ ሥራ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም! ብትሠራም ባትሠራም ግድ የለውም፣ ገቢህንም አያይም። የሚጠይቀው ምግብህን ታበስላለህ ወይ፣ ገላህን ትታጠባለህ ወይ፣ ልብስህን ትለብሳለህ ወይ፣ ትራመዳለህ ወይ ነው። ባቃተህ ልክ ነጥብ ይሰጡሃል፣ ነጥቡ ከሞላ ታገኛለህ። ጡረታ ከደረስክ በኋላ አዲስ የምታመለክት ከሆነ ስሙም አሠራሩም ይለያል፣ አቴንዳንስ አላወንስ ይባላል። እታለም ግን ለእሱ ገና ናት።

አንዱ ለጠፋብህ ደመወዝ ነው፣ ሌላው ለሚያስቸግርህ ኑሮ ነው። ይህችን ለመረዳት ነው ዊንተር ሙሉ የፈጀብኝ።

"ተሳስተሽ ይሆናል" አልኳት ሩትን።

"አንክል፣ አይ ሬድ ኢት።"

እሺ። ሰው እዚህ ላይ ያርፋል አይደል? እኔ አላረፍኩም!

እታለምና ሩት ለፒፕ አመለከቱ፤ ጥያቄው በስልክ ነው፣ ከፈለጋችሁ በነፃ አስተርጓሚ፣ ኢንተርፕሪተር፣ እንሰጣለን ብለዋቸዋል። የእታለም እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንም። ሩት ኢንተርፕሪተር ይምጣ አለች። እኔ ተቆጣሁ። "የቤታችንን ጉድ ለማናውቀው ሀበሻ? በርሚንግሃም ያለ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይተዋወቃል፣ በእሑድ ቤተክርስቲያን ይወራል! እኔ እያለሁ?"

እታለምም በዚህ ከእኔ ጋር ነበረች። ወሬ ከበሽታዋ በላይ ነው የምትፈራው።

ስለዚህ ዛሬ፣ በእኛ ጠዋት፣ በእነሱ ከምሳ በኋላ፣ ሽማግሌዬን አልብሼ ወጣሁና በራቸው ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ስልኩን ተቀላቀልኩ። እታለም በአንድ በኩል፣ ጠያቂዋ በሌላ፣ እኔ መሐል።

ጠያቂዋ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ዛሬ እንዴት እየተሰማት ነው ብላ ጀመረች።

እታለም፦ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!"

እኔ፦ "ሺ ኢዝ ቬሪ ዌል፣ ታንክ ጎድ!"

ስንጀምር እንዲህ ነበርን።

እኔማ የተዘጋጀሁበት ሌላ ነው። ኪችን ውስጥ መቆም እንዴት እንደሚከብዳት፣ ስንት ጊዜ ከሥራ ቀድማ እንደወጣች ገና መዘርዘር ስጀምር ሴትየዋ በትሕትና አቆመችኝ። ይህ ስለ ሥራዋ አይደለም አለችኝ። ሩት የነገረችኝን ረስቼ እንደገና ኦሃዮ ገብቼ ነበር።

ቀጠለች። ምግብ ራሷ ታበስላለች ወይ?

"እንዴ! እኔ ቤት የመጣ እንግዳ ጦሙን ይሄዳል እንዴ?" አለች እታለም፣ ተቀይማ።

"ሺ ኩክስ ፎር ሜኒ ፒፕል" አልኩ፣ ኮርቼ።

ገላዋን ስትታጠብ እርዳታ ያስፈልጋታል ወይ?

አጥባ ያሳደገችኝን ሴት ምን ብዬ ልጠይቃት? "እታለም... ያው... ሻወር ምናምን... ደህና ነው አይደል?"

አያችሁልኝ ጥያቄውን? "ደህና ነው አይደል" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን እንዲባል ፈልጎ ነው?

"አዎ፣ አዎ፣ እለፈው" አለችኝ ቶሎ ብላ።

"ኖ ፕሮብለም!" አልኩ።

ልብስስ? የውስጥ ልብስም ጭምር?

"ኧረ አንተ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም የሳቅነው ከማፈር ነው።

"ኖ ፕሮብለም አት ኦል!" ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? "ሺ ኢዝ ኤ ቬሪ ኤለጋንት ሌዲ"፣ በጣም ዘናጭ ሴት ናት ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት።

ልብ በሉ። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የሰው ሸሚዝ ቆልፌ የወጣሁ ሰው ነኝ! ለሽማግሌዬ "ክንድዎን እስከየት ማንሳት ይችላሉ? ካልሲውን ይሞክሩት፣ እምቢ ካለ እኔ አለሁ" እላቸዋለሁ። አፍረው "ራሴ እችላለሁ" ሲሉኝ ዝም ብዬ አላምናቸውም፣ ቆሜ አያቸዋለሁ። ሥራዬ እኮ ይሄ ነው! ለባዕድ የማውቀውን ለእህቴ አጣሁት።

ስለ ሽንት ቤት የተጠየቀውን አልጽፍም። የመለስኩትን ግን መገመት አያቅታችሁም።

በእያንዳንዷ "ኖ ፕሮብለም" የሩትን ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ትንሽ እየዘጋሁት ነበር። ያን ጊዜ ግን ክብር እየጠበቅኩ ነው የመሰለኝ።

ድንገት ከእታለም ጀርባ ጩኸት መጣ።

"ማም፣ ስቶፕ! ዛትስ ኖት ትሩ!"

ሩት ናት። እናቷና እኔ በደንብ እንድንሰማት ነው መሰል ወደ አማርኛ ዞረች። "ጡት መያዣዋን በየቀኑ የምቆልፍላት እኔ ነኝ! ፀጉሯን የማጥባት እኔ ነኝ! የፈላ ድስት ከእጇ ወድቆ እግሯ ተቃጥሏል! ማም፣ ለምን አትነግሪውም?"

ሴትየዋ ልጅቷ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ።

አስተርጓሚው እኔ ነኛ! ግን እግሯ መቃጠሉን በዚያች ደቂቃ መስማቴ ነበር። ሩት ራሷ በእንግሊዝኛ ደገመችው።

ጠያቂዋ አልተቆጣችም። እታለም ከፈቀደች ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን አለች።

ከዚያ እታለም ተናገረች። "ዳኒ፣ አንተ ዝጋው።"

"እታለም፣ እኔ እኮ..."

"አንተ እየሰማህ አልናገርም። ዝጋው።"

ዘጋሁት።

ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዬ በመስኮት አይተውኝ ይሄ ልጅ ለምን አልሄደም ብለው ነው መሰል እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ብዙ ቆይቶ ሩት ደወለች። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ የማብሰሉንም የመታጠቡንም፣ እታለም ራሷ ተናግራለች፤ ሩት ናት ያስተረጎመችው። መልሱ ሳምንታት ይፈጃል፣ ምን እንደሚሉ አይታወቅም።

"እምቢ ቢሉስ?" አልኳት።

"ዜን ዊ አስክ ዜም ቱ ሉክ አጌይን። ኢፍ ዜይ ስቲል ሴይ ኖ፣ ዊ አፒል።" እንደገና እንዲያዩት እንጠይቃለን፣ አሁንም እምቢ ካሉ ይግባኝ እንላለን ማለቷ ነው። "በት አንክል... ዊዝአውት ዩ።"

ይገባኛል! እኔም እኔን አልጠራም ነበር።

ከዚያ ለእናቷ ሰጠቻት።

"ተቀየምከኝ?" አለች እታለም።

"ምን ብዬ ነው የምቀየመው። ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩ። አንተን በጀርባዬ ተሸክሜ... አሁን ልብሴን ልጄ ነች የምታለብሰኝ ልበልህ?"

ገና አልጨረሰችም።

"ያቺ ሴትዮ ማንኪያ መያዝ ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልቅሼ ነው የመለስኩላት። እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለማ፣ ዳኒ።"

እኔ በየሳምንቱ እደውልላታለሁ። "ደህና ነሽ?" እላለሁ። "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" ትላለች። "ደህና!" ከዚያ ስለ ሰው ሠርግ ስናወራ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንዘጋለን።

"ሩትን የያዝኳት እኔ ነኝ" አለችኝ በመጨረሻ። "ደህና ነኝ ስል ሰው ሁሉ አመነኝ፣ ጉዴን የምታውቀው እሷ ብቻ ቀረች። ታዲያ እንዴት ትተወኝ? ዛሬ ስናገር ነው የገባኝ።"

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ጥሩ ነገር አልነበረም መሰለኝ፣ ስልኩ ቶሎ ተዘጋ።

አሁን ደግሜ ልደውልላት ነው። ለማስተርጎም አይደለም፣ ራሴ ልጠይቃት። አስር ጊዜ ቁጥሯን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

የሁለት አገር ድጋፍ ለይቼ የማስረዳ ሰው ነኝ። ጥያቄዎቹንም በእንግሊዝኛ በሙሉ አውቃቸዋለሁ፣ በየጠዋቱ እየተከፈለኝ ነው የምጠይቃቸው። ግን ሰዎች፣ በአማርኛ፣ ታላቅ እህትን "ዛሬ ማን አለበሰሽ?" ለማለት ከየት ነው የሚጀመረው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ስልኩን ይዤ ነው ያለሁት።